የሮዊና ድምፅ የነበረው ሰው

ሮዊናን መጀመሪያ ያገኘኋት ቀን ያየሁት እሷን አልነበረም። አጠገቧ የቆመውን ወንድ ነበር!

ጥቅምት ወር ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት። እኔ ኑንዚዮ እባላለሁ። ሮቸስተር ከተማ ውስጥ ባለ አምስት ፎቅ አፓርታማ ላይ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ቧንቧ ሲያፈስ፣ ቁልፍ ሲሰበር፣ ማሞቂያ ሲጠፋ የምጠራው እኔ ነኝ። ያን ዕለት መግቢያው ላይ መሰላል ወጥቼ አምፖል ስቀይር ሁለት ሰዎች ገቡ። አንዷ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰች፣ ፀጉሯን ወደ ላይ ያሰረች ጠይም ሴት ናት። ሌላው ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰ መልከ መልካም ነው። ሴትየዋ እጆቿን በፍጥነት አንቀሳቀሰች። ሰውየው በወፍራም ድምፅ፣

«እንደምን አደሩ፤ ሮዊና እባላለሁ» አለኝ።

ከመሰላሉ ወረድኩና እጄን ለሱ ዘረጋሁ።

«ኑንዚዮ እባላለሁ። ሮዊና ግን... የሴት ስም ይመስለኝ ነበር።»

ሴትየዋ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። ከዚያ በእኔና በሱ መሃል ገብታ ቆመችና እጆቿን እንደገና አነሳች። ድምፁ አሁንም የመጣው ከሰውየው ነው።

«ወንድሜ፣ የማናግርዎ እኔ ነኝ! መስማት የተሳነኝ ነኝ። እሱ አስተርጓሚዬ ነው። እባክዎ እሱን ሳይሆን እኔን ይዩ።»

አየኋት። ምነው ቀድሜ ባየኋት ኖሮ! ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፤ ስትቆጣ ግራ ቅንድቧ ብቻዋን ትነሳለች። እስከ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

ሥራዋ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች መብት መከራከር ነው፤ የመጣችው በሚስ ግላዲስ ጉዳይ ነበር። ሚስ ግላዲስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ እሳቸውም መስማት የተሳናቸው የሰባ ስድስት ዓመት ሴት ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ምድጃ ላይ የረሱት ድስት አርሮ ቤታቸው በጭስ ታፈነ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ሕንፃው እስኪናወጥ ጮኸ። እሳቸው ግን ተኝተዋል። ጎረቤት በር ሰብሮ ነው ተሸክሞ ያወጣቸው።

«ይህ ደወል የሚጮኸው ለሚሰማ ሰው ነው» አለች ሮዊና፣ በዚያው ወፍራም ድምፅ። «ለማይሰማውስ? ብልጭ ድርግም የሚል፣ አልጋ የሚነቀንቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ለምን አልተገጠመላቸውም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የቤቶቹን ድርጅት ጠይቁ» አልኳት።

ዋሸሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሚስ ግላዲስ ይሄንኑ መብራት በወረቀት ጽፈው ለምነውኝ ነበር። ወረቀቱን ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ወሰድኩለት። «እርሳው! ለአንድ ሰው ተብሎ?» ብሎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። እኔም እንጀራዬን ብዬ ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ ሮዊና በመጣች ቁጥር ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምጠግነው ነገር አላጣም ነበር። ደህናውን የበር ማጠፊያ እፈታለሁ፤ መልሼ አስራለሁ። በአራተኛው ጊዜ ሳቀችብኝና ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየችኝ።

«ይሄ በር ምን በድሎህ ነው?»

ስልኩን ተቀብዬ፣ «ምንም አልበደለኝ፤ ውለታ ነው የዋለልኝ» ብዬ ጻፍኩ።

በዚያው ሳምንት እራት ጋበዝኳት። ድንችና ማካሮኒ ላይ በርገር ተከምሮ ቅመም የበዛበት መረቅ የሚደፋበትን የከተማችንን ታዋቂ ምግብ አዘዝን። አንድ ስልክ እየተቀባበልን፣ እየጻፍን፣ በመረቅ እያበላሸነው ተጫወትን። ሕይወቷን የነገረችኝ ያኔ ነው።

ሦስት ዓመቷ ላይ በማጅራት ገትር ታማ ጆሮዋ መስማት አቆመ። እናቷም ብዙ አልቆዩላት። አባቷ ሚስተር ሆራስ የፎቶ ፊልም ፋብሪካ ውስጥ እየሠሩ አሳደጓት፤ የምልክት ቋንቋ ግን አልተማሩም። በበዓል ቀን ዘመድ ገበታ ላይ ተሰብስቦ ሲስቅ እሷ የአባቷን እጅጌ ትጎትታለች። ምን አሉ? ምን አሉ? አባቷም፣ «በኋላ እነግርሻለሁ» ይሏታል።

«ያ 'በኋላ' እስከ ዛሬ አልመጣም» ብላ ጻፈችልኝ። «ለዚህ ነው ይሄን ሥራ የያዝኩት። ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ ባንክ እሄዳለሁ፣ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። የኛ ሰው 'በኋላ' የሚባልበትን ቦታ ሁሉ እየፈለግኩ፣ 'አሁን!' እላለሁ።»

ወደ ቤቴ ስነዳ መሪውን እየደበደብኩ ዘፈንኩ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ እንደ ጎረምሳ አደረገኝ!

ዴዝመንድ ባይኖር ኖሮ እንዴት ባማረ! ዴዝመንድ፣ አስተርጓሚው።

ስብሰባ ካለ ዴዝመንድ አለ። ቢሮ ካለ ዴዝመንድ አለ። አንድ ቀን ከእህቴ ከፊሎሜና ጋር ላስተዋውቃት ቤተሰቦቼ ዘንድ ምሳ ጠራኋት። ዘመዶቼ ብዙ ስለሆኑ ዴዝመንድን ይዛ መጣች። በሩን ስከፍት ፈገግ ብላ እጆቿን አንቀሳቀሰች። ዴዝመንድ በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ፣

«የኔ ቆንጆ፣ እንዴት ናፍቀኸኛል!» አለኝ።

ከኋላዬ የቆመው አጎቴ የያዘውን ብርጭቆ ሊለቀው ትንሽ ቀረው። ፊሎሜና ወጥ ቤት ድረስ ጎትታ ወሰደችኝ።

«ኑንዚዮ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ከማንኛቸው ጋር ነው የያዝከው?» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ገበታ ላይ ሁለቱ ሲያወሩ አያለሁ። እሷ የሆነ ነገር ትለዋለች፤ ሳትጨርሰው ይገባዋል፤ ይስቃል፤ ትከሻውን መታ ታደርገዋለች። ከእኔ ጋር ስትሆን እንደ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ቀስ እያለች ነው የምታወራው። ከሱ ጋር ግን... ቀልደኛ ናት፣ ተንኮለኛ ናት፣ ፈጣን ናት። 

«ምን አልሽው?» ብዬ በማውቃት ጥቂት ምልክት ጠየቅኳት።

ስለ አጎቴ ፂም ነበር። ሁለቴ ደጋግማ አስረዳችኝ፤ አልገባኝም። በሦስተኛው ላይ እጇን ዝቅ አደረገች።

ሚስ ግላዲስ ዘንድ እሑድ እሑድ የምልክት ቋንቋ መማር ጀምሬ ነበር እኮ። ሁለት እሑድ ሄድኩ። ከዚያ የምደግፈው የቡፋሎ ቡድን ጨዋታ እሑድ ዋለና ቀረሁ። ዴዝመንድ አለ፣ ስልክ አለ፤ ምን ያስቸኩለኛል?

ታኅሣሥ ገባ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቧንቧ ዕቃ ልገዛ ስሄድ የሮዊናን ሰማያዊ መኪና አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ግቢ ውስጥ ቆሞ አየሁት። ፍጥነቴን ቀነስኩ። መኪናው አጠገብ እሷና ዴዝመንድ ቆመዋል። ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ ጥላለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እሱ ጀርባዋን ይደባብሳታል፤ የሱም ዓይን እንባ አቅርሯል።

ከኋላዬ ያለ መኪና ጥሩምባ ነፋብኝ። ነዳሁ። ዕቃውንም ሳልገዛ ቀረሁ።

ማምሻውን ጻፍኩላት።

«ዛሬ የት ዋልሽ?»

«ሥራ ላይ።»

«ብቻሽን?»

«አዎ። ደክሞኛል ኑንዚዮ፤ ነገ እናውራ።»

ዋሸችኝ! የኔ ሮዊና ዋሸችኝ!

ሰኞ ጠዋት ዴዝመንድን እሱና ሮዊና በሚሠሩበት ቢሮ በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«ቅዳሜ ከሮዊና ጋር ምን ስታደርጉ ነበር?»

«ልነግርህ አልችልም።»

«በዓይኔ አይቻችኋለሁ እኮ! ደረትህ ላይ ተደግፋ!»

«ያየኸውን አይተሃል። እኔ ስተረጉምላት የሰማሁት ሁሉ ግን የሷ ነው። ለእናቴም አልናገረውም። ሥራዬም ነው፣ ቃሌም ነው።»

«ትወዳታለህ?»

የቢሮውን ቁልፍ ጣቱ ላይ አዞረው።

«እሷን ጠይቃት» አለኝ። «በእጅህ ጠይቃት።»

በእጅህ! ስድብ ነው ብዬ ነው የወሰድኩት።

የዚያኑ ሳምንት ሐሙስ የቤቶቹ ድርጅት፣ ሄምሎክ ይባላል፣ የቦርድ ስብሰባ ነበረው። አሥራ አንድ ሕንፃ አለው። ሮዊና በሁሉም ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ተከራዮች ባለ መብራት ማስጠንቀቂያ እንዲገጠም ልትጠይቅ ቀጠሮ የያዘችው ከስድስት ሳምንት በፊት ነው። ሚስ ግላዲስ ቀይ ባርኔጣቸውን አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል። በረዶው ግን ከጠዋት ጀምሮ ያለ እረፍት ይወርዳል። ስብሰባው ሊጀመር ሲል ዴዝመንድ መልእክት ላከ፤ አውራ ጎዳናው ላይ መኪኖች ተጋጭተው መንገድ ተዘግቷል፤ አርባ ደቂቃ ጠብቁኝ።

ሮዊና ወረቀት ላይ ጽፋ ለሊቀመንበሩ ሰጠችው። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ።

«ያለን ሃያ ደቂቃ ነው። ሌላ የሚያስተረጉም ሰው የለም?»

ተነሳሁ። «እኔ አለሁ!»

ሮዊና ጭንቅላቷን በኃይል ነቀነቀች። «አይሆንም፤ ጠብቅ» አለችኝ በእጇ። ገብቶኛል። እንዳልገባው ሰው ሆንኩ። ለአንድ ቀን እንኳ ድምፅዋ እኔ ልሁን! ዴዝመንድ በረዶው ውስጥ ይቀመጥ!

«እንግዲያው ቀጥሉ፤ ጊዜው ይሄዳል» አለ ሊቀመንበሩ።

ምን ታድርግ? ጀመረች። መጀመሪያ ለእኔ ብላ ቀስ አለች። ስሟን ተናገርኩላት፤ ሰላምታዋን ተናገርኩላት። ደረቴ ተነፋ። ከዚያ ስሜት ውስጥ ገባችና እጆቿ ፈጠኑ። ላብ በጀርባዬ ወረደ። ሦስት የሚለውን ያዝኩ። የሚስ ግላዲስን ስም ያዝኩ። ሞት የሚለውን ያዝኩ።

«ሦስት... ሦስት ጊዜ... ሚስ ግላዲስ ሞቱ» አልኩ።

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ።

«ሞቱ? ከፊት የተቀመጡት ሚስ ግላዲስ አይደሉም እንዴ?»

ሰው ሁሉ ወደሳቸው ሲዞር ሚስ ግላዲስ ፈገግ ብለው እጃቸውን አውለበለቡ።

«ሦስቴ ሞተው ነው እንዲህ ያማረባቸው?» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ሮዊና ወዲያና ወዲህ አየች። ሁሉም ይስቃል። ለምን እንደሚስቁ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። እጅጌዬን ጎተተችኝ።

«ምን አሉ? ምን አሉ?»

አፍሬ፣ ግራ ገብቶኝ... እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ «በኋላ» አልኳት።

እጅጌዬን ለቀቀችው። ፊቷ ላይ ያየሁትን ለማንም አልመኝም።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። «ጉዳዩ በሚገባ ሲዘጋጅ መጋቢት ላይ እናየዋለን» አለ። ዴዝመንድ ካፖርቱ በረዶ ለብሶ እያለከለከ ሲደርስ ሰው እየወጣ ነበር። እሷ የተናገረችው፣ «ሦስት ደብዳቤ ጻፍን፤ መልስ የለም። ሚስ ግላዲስ ለጥቂት ነው ከሞት የተረፉት» ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ያለ መብራት የሚያድሩ ሰዎች... በእኔ ቅናት!

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት። ዴዝመንድ ሊያስተረጉም ሲጠጋ በእጇ አራቀችው። የንግግሯን ወረቀት ገልብጣ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ረጅም ጻፈችና ደረቴ ላይ ለጠፈችልኝ።

«ቅዳሜ አባቴ ዘንድ ነበርኩ። ልቡ እየደከመ ነው፤ ብዙ አይቆይም አሉኝ። ከገዛ አባቴ ጋር ለመነጋገር አስተርጓሚ ይዤ ነው የምሄደው። 'ልጄ፣ እወድሻለሁ' ያለኝ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ቅዳሜ ዕለት ነው። በዴዝመንድ እጅ! ላንተ በእጄ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። እጄን ግን አታነብም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በሰው እጅ ወደደኝ። እንደሱ ያለ ሁለተኛ ሰው አልፈልግም። ደህና ሁን ኑንዚዮ።»

ሄደች። አልተከተልኳትም። ተከትዬስ በምን ቋንቋ አናግራታለሁ?

በማግስቱ ከሥራ በኋላ የሚስ ግላዲስን ደጅ መጥሪያ ተጫንኩ። ቤታቸው ውስጥ መብራት ብልጭ ሲል በበሩ ሥር ታየኝ። ከፈቱልኝና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አንገታቸው ላይ ባንጠለጠሏት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ጻፉ።

«ሦስት ጊዜ የሞትኩት ሴትዮ ነኝ። ግባ።»

ያን የበረዶ ወራት በየቀኑ ሄድኩ። ሚስ ግላዲስ ርኅራኄ የላቸውም። አፌን ከፈትኩ ማለት እጄን በማንኪያ ይመቱኛል። ዓርብ ዓርብ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚሰበሰቡበት ክበብ ይወስዱኛል። አርባ ሰው ያወራል፣ ይጨቃጨቃል፣ ይስቃል፤ እኔ ብቻ ባዶ እጁን እንደመጣ እንግዳ መሃል ቁጭ። ሲስቁ ሳይገባኝ እስቃለሁ። አንዱን ይዤ ምን አሉ ብዬ ስጠይቅ፣ «ረጅም ነው፣ ተወው» ይለኛል። ሮዊና ልጅ ሆና የተቀመጠችበትን ወንበር በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ቀመስኩት። ለሷ ግን አንድ ምሽት አይደለም፣ ዕድሜ ልክ!

አንዴ ራበኝ ለማለት እጄን ደረቴ ላይ ደጋግሜ ወደ ታች ሳብኩ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ፤ ወንዶቹ ጠረጴዛ ደበደቡ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሳበው!» አሉኝ ሚስ ግላዲስ እንባቸውን እየጠረጉ። «ደጋግመህ ከሳብከው ሌላ ረሃብ ነው። እሱን ለሚስትህ አስቀምጠው!»

ቅናቱ ግን አልሞተም። ጥር ላይ ሮዊናና ዴዝመንድ ክበቡ በር ላይ ቆመው ሲያወሩ በመስኮት አየሁ። ልቤ ዘለለች። አሁን እኮ ማንበብ እችላለሁ! ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እንደ ሌባ አነበብኩ። ስለ መኪናዋ ጎማ ነበር። የፊተኛው ጎማ አልቋል፣ የኋለኛው ይቆያል። በጎማ ቀናሁ! እሷ ሄደች። ዴዝመንድ ግን ገብቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ትወዳታለህ ወይ ብለኸኝ ነበር» አለኝ። «ይሄ የራሴ ስለሆነ እነግርሃለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ወድጃት ነበር። ነገርኳት። እንቢ አለችኝ።»

«ለምን?»

«'አንተ ሳልጨርስ ይገባሃል፤ እኔ ደግሞ እስክጨርስ የሚጠብቀኝ ሰው ነው የምፈልገው' አለችኝ።» ፈገግ አለ፤ ሐዘን ያለበት ፈገግታ ነው። «በር ስትፈታና ስታስር ቆመህ የጠበቅካት እለት አንተን መረጠች። አንተ ግን መጠበቁን ተውከው።»

ልመታው የነበረውን ሰውዬ እጁን ጨበጥኩት።

መጋቢት ደረሰ። ስብሰባው ላይ ዴዝመንድ በሰዓቱ ቆሟል። ሮዊና ተናገረች፤ በዚያ ወፍራም ድምፁ አንድም ቃል ሳይወድቅ ተናገረች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ አላየችኝም። ስትጨርስ ሥራ አስኪያጁ ተነሳ።

«ከተከራዮች እስካሁን የቀረበልን አንድም ጥያቄ የለም» አለ።

እግሬ ብቻውን ተነሳ። ያን ጊዜ ሁሉ የሷን ድምፅ ለመሆን ስጋፋ፣ የራሴን ድምፅ ዘግቼ ነበር የተቀመጥኩት።

«ቀርቧል!» አልኩ። «ኑንዚዮ እባላለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቧንቧችሁን የጠገንኩ ሰው ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሚስ ግላዲስ መብራቱን ጽፈው ለምነውኛል። ወረቀቱን ለኚህ ሰው በእጄ ሰጥቻለሁ። ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። እኔም ዝም አልኩ። ሮዊና ስትጠይቀኝ አላውቅም ብዬ ዋሸሁ። ሚስ ግላዲስ ሞተው ቢሆን ኖሮ የገደልናቸው እኛ ነበርን።»

«ይሄ ሰውዬ ከዛሬ ጀምሮ...» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ተቀመጥ!» አለው ሊቀመንበሩ።

የኔን ቃል ለሮዊና ያደረሰላት ዴዝመንድ ነው። እጆቹን አየኋቸው። አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ውሸቴን ውሸት ብለው፣ ኀፍረቴን ኀፍረት ብለው አቀበሏት። እሷም በሰፊው አዳራሽ ዞር ብላ አየችኝ። ግራ ቅንድቧ ተነስታለች።

መብራቱ በአሥራ አንዱም ሕንፃ እስከ ነሐሴ እንዲገጠም ተወሰነ። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ግን አላባረሩኝም። ማን ሊገጥምላቸው?

ውጪ መኪና ማቆሚያው ላይ ብርዱ ይጋረፋል። ሮዊና ዴዝመንድን፣ «ሂድ፣ ዛሬ በቃህ» አለችው። ጓንቷን አወለቀች። እኔም አወለቅኩ። በጓንት ማውራት አይቻልማ!

«ለምን ዋሸኸኝ?» አለች።

«ለሥራዬ ፈራሁ። በኋላ ደግሞ አንቺን ፈራሁ» አልኩ በእጄ። ቀስ ብዬ ነው፤ ግን አልተሳሳትኩም። ዓይኗ ጣቶቼ ላይ ቀረ።

«ማን አስተማረህ?»

«ሦስት ጊዜ የሞቱት ሴትዮ።»

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ መልሳ ኮስተር አለች።

«ዴዝመንድን ለምን ጠላኸው?»

«ቀናሁ። እጆቹ ላይ ቀናሁ። ከሱ ጋር ስትሆኚ ሙሉ ነሽ፤ ከእኔ ጋር ግማሽ። ግማሹን የወሰደብኝ እሱ መሰለኝ። ያጎደልኩሽ እኔ ነበርኩ።»

ብርድ ያደነዘዛቸውን ጣቶቿን አሻሸች።

«እኔም እቀና ነበር እኮ» አለች።

«አንቺ? በማን?»

«በእህትህ። በስልክ ስታወራት ዓይንህን ጨፍነህ ትስቃለህ። ከእኔ ጋር ስትሆን ዓይንህን ከጨፈንክ እኔ የለሁም።»

ብዙ አወራን። ጣቶቻችን ቀልተው አልታዘዝ እስኪሉ ድረስ አወራን። በመጨረሻ እጆቼን ይዛ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው፤ የሷንም አብራ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው የለም።

በሳምንቱ ቅዳሜ አባቷ ዘንድ ወሰደችኝ። ሚስተር ሆራስ አፍንጫቸው ላይ የአየር ቱቦ ተደርጎላቸው ትራስ ተደግፈዋል። እኔና ሮዊና መጋረጃው ይከፈት አይከፈት እያልን በእጃችን ስንጨቃጨቅ ዓይናቸውን ከእኛ ላይ አላነሱም።

«አንተ ትሰማለህ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ሚስተር ሆራስ።»

«ይሄን ለመማር ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«አራት ወር ሆነኝ። ገና ነኝ እንጂ...»

«አራት ወር» አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «አራት ወር! እኔ እኮ ሠላሳ አንድ ዓመት ነበረኝ...»

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሮዊና ደንግጣ ክንዴን ያዘች።

«ምን አለ?»

ላለዝበው እችል ነበር። አላለዘብኩትም። ቃል በቃል፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የአባቷን ፊት በሁለት እጇ ወደሷ መለሰች። ከዚያ የቀኝ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጣችና 'እወድሻለሁ' የሚለውን ምልክት ልታስይዛቸው ጀመረች። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ ትንሿ ጣት ይዘረጋሉ፤ መሃለኞቹ ይታጠፋሉ። የሳቸው መሃለኛ ጣቶች በእርጅና ደርቀው እንቢ አሉ። እሷ በራሷ ጣት አጥፋ ያዘችላቸው። እኔ ቀስ ብዬ ወጣሁና በሩን ዘጋሁ። አስተርጓሚ የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

ሚስተር ሆራስ ግንቦት ላይ ዐረፉ። እስከዚያ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ቃል ተምረው ነበር፤ ሮዊና ቆጥራቸዋለች።

እኛ የተጋባነው በነሐሴ ነው፤ የመጨረሻውን መብራት በገጠምኩ በሁለተኛው ሳምንት። ሐይቁ ዳር ባለው መናፈሻ ነበር። ቃል የገባሁላት በእጄ ነው፤ አንዴ ተሳሳትኩና ሚስ ግላዲስ ከተቀመጡበት ሆነው አረሙኝ። አጎቴ ዴዝመንድን፣ «ምን እያሉ ነው?» ሲለው፣ «ዛሬ እንግዳ ነኝ» ብሎ ኬኩን በላ።

ዛሬም እቀናለሁ፤ አልዋሽም። ሮዊና ከዴዝመንድ ጋር ሆና እጆቿ ሲፈጥኑ፣ እሱም ሳትጨርስ ሲስቅ፣ ዓይኔ ከእጆቻቸው ላይ አይነሳም። ያኔ ወንበሬን ስቤ መሃላቸው ቁጭ እላለሁና፣

«እናንተ! ደግሞ በማን ነው የምትስቁት?» እላቸዋለሁ በእጄ።

ብዙውን ጊዜ በእኔ ነው።